ጠቋሚው ቀጥ ሲል

ዘጠኝ ቁጥር የሚሏት ሴት መኪና ልትገዛ መሆኑ የተሰማ ዕለት ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የቀለም ባለሙያ ሆኖ አረፈው። ትልቁ ልጇ ብርማ ይሁን አለ፤ አቧራ አይታይበትም፣ ሲሸጥም ገዢ አያጣም። ሴት ልጇ ነጭ አለች። ታናሽ እህቷ፣ በዕድሜዋ አንዴም መሪ ጨብጣ የማታውቀዋ፣ ክብር ያለው ጥቁር ነው ብላ ፈረደች። ዘጠኝ ቁጥር ሁሉንም ራሷን እየነቀነቀች ካዳመጠች በኋላ ሄዳ ብርቱካንማውን ገዛች።

ብርቱካንማ ሲባል የፈዘዘ፣ ይቅርታ የሚጠይቅ ብርቱካንማ እንዳይመስላችሁ። ከመንገድ ማዶ ዐይን የሚይዝ ነው። ጣሪያዋ ጥቁር፣ ቁመቷ አጭር፤ ከኋላ ጅራት የላትም፣ የኋላ በሯ ከነመስተዋቱ ወደ ላይ ብድግ ይላል። የፊት መብራቶቿ ጠበብ ብለው ወደ ጎን የተሳቡ ናቸው፤ የሰማችውን ያላመነች ሴት የምታይበት ዓይነት አስተያየት አላቸው። ከፊት ጎማዋ ተነሥቶ እስከ ኋላ መብራቷ የሚዘልቅ፣ አሁን እንደተተኮሰ ሱሪ ሹል ሆኖ የወጣ መስመር አለ። ልጇ መጥቶ ዙሪያዋን ከዞረ በኋላ ይሄ እኮ የጎረምሳ መኪና ነው አላት። ጎረምሳው መጥቶ እስኪጠይቀኝ እኔ እነዳዋለሁ አለችው።

ዘጠኝ ቁጥር የሚለውን ስም ያወጣላት ሠፈሩ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ የከተማውን ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ነድታለች፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውሱት ልጆቿና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። መሪ በጨበጠችባቸው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ በበሩ ብቅ ብለው ሴት ሹፌር ሲያዩ የሚቀጥለው ይሻለኛል ብለው የሚመለሱ ተሳፋሪዎች ነበሩ። አትለምናቸውም። በሩን ዘግታባቸው ትሄዳለች። የሚቀጥለው ዘግይቶ ይመጣል፣ እነሱም አለቃቸው ፊት አርፍደው ይቆማሉ፣ በማግስቱ ቀድመው ተሰልፈው ሲጠብቋት ታገኛቸዋለች። ይህን ስታወራ ዛሬም ፊቷ ይፈካል።

የመኪናው ሻጭ ከረባቱን አጥብቆ ያሰረ ትሁት ወጣት ነበር። መጀመሪያ ያሳያት ዳሽቦርዱ ከዳር እስከ ዳር ስክሪን የሆነውን ነው። ፍጥነቱ በቁጥር፣ ነዳጁ በቁጥር፣ የውጭው አየር ሳይቀር በቁጥር። እሷ መሪው ላይ ተቀምጣ ግራ ቀኝ ካየች በኋላ ጠቋሚው የታለ ብላ ጠየቀች። ጠቋሚ ቀርቷል፣ አሮጌ ነገር ነው አላት።

"እኔም አሮጌ ነኝ" አለችው። "ጠቋሚ ያለውን አምጣልኝ።"

ጠቋሚ ያለው ከዚያው ሞዴል ዝቅ ያለው ዓይነት ሆነ። ወንበሩ ቆዳ ሳይሆን ጨርቅ ነው፣ በብርቱካንማ ክር የተሰፋ። ከመሪው ኋላ ሁለት ክብ ጌጆች እንደ ሁለት ጥልቅ ሳሕን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ የግራው የሞተሩን ዙር፣ የቀኙ ፍጥነቱን ይናገራል። በመሃላቸው ጠባብ መስኮት አለች፤ ነዳጁም፣ ሙቀቱም፣ ያልተዘጋ በርም እዚያች ላይ ይበራል። ሞተሩ ሲነሣ ሁለቱ ቀይ ጠቋሚዎች ከተኙበት ብድግ ብለው እስከ ቀኝ ጥግ ይወረወሩና ተመልሰው ይተኛሉ። ሻጩ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት እሷ ጮክ ብላ ስቃ ነበር። ለሷ ሰላምታ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም አውቶቡስ ሰላም ብሏት አያውቅም።

እዚህ ላይ ስለ አውቶቡሶቹ ጋራዥ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። እዚያ ጋሽ ቡሎን የሚሉት መካኒክ ነበር፤ ኪሱ ከቡሎን ሌላ ነገር ይዞ ስለማያውቅ። አዲስ አውቶቡስ ገና ከመግባቱ የፊቱን ጌጆች ከጀርባቸው ይፈታና እያንዳንዱን በጉድጓዱ ውስጥ ያዞረዋል። የሚያዞረውም ነገሩ ደህና ሲሆን ጠቋሚው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም አድርጎ ነው። የዘይቱም፣ የውኃውም፣ የፍሬኑ አየርም፣ የፍጥነቱም። ቁጥሮቹ ተንጋደው፣ አንዳንዶቹም ተዘቅዝቀው ይቀራሉ፤ ማንም ስለማያነባቸው ግድ የለውም። መተላለፊያው ድረስ ሰው የታጨቀበት አውቶቡስ የሚነዳ ሹፌር ቁጥር የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ዐይኑን ወርወር ያደርጋል፤ ሁሉም ቀጥ ካሉ ደህና ነው፣ አንዱ ካዘነበለ ነገር አለ። ሹፌሮቹ ጠዋት ሲገናኙ እንኳ እንደ ሌላው ሰው ደህና አደርክ አይባባሉም ነበር። አንዱ "ቀጥ?" ይላል፣ ሌላው "ሁሉም ቀጥ" ይላል። ሚስቱ ያኮረፈችውም፣ ልጁ የታመመበትም "ዛሬ የዘይቷ አዘንብላለች" ካለ ይበቃዋል፤ ሌላ ጥያቄ የሚጠይቀው የለም።

ዘጠኝ ቁጥር ጡረታ ስትወጣ ብዙ ነገር ጋራዡ ውስጥ ጥላ ወጣች። ይህን ግን ዐይኗ ይዞት ወጣ፤ እሷም መያዙን አላወቀችም።

መኪናዋ ገና የፕላስቲክ ሽታዋ ሳይለቃት፣ ዘጠኝ ቁጥር ታናሽ እህቷን ይዛ በጎረቤት ከተማ የታመመ የአክስታቸውን ልጅ ለመጠየቅ ተነሣች። መንገዱ ሰፊ አስፋልት ነው፣ ሰዓቱ ረፋድ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። አውቶቡስ ቢሆን ገና ስልሳ ሳይገባ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ያጉረመርማል፣ ፍጥነቱን በመቀመጫሽ ታውቂዋለሽ። ይቺ ግን ጭጭ ናት። ከከተማ እንደወጡ ዘጠኝ ቁጥር ዐይኗን ወደ ቀኙ ጌጅ ወርወር አደረገች፤ ጠቋሚው ወደ ግራ አዘንብሏል። የለመደ እግሯ ሳትጠይቀው ነዳጅ ጨመረ። ጠቋሚው ቀስ እያለ ተነሣ፣ ተነሣ፣ ቀጥ አለ። ደህና ነው ብላ እዚያው ያዘችው። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጋ ንፋሱን በፀጉሯ ተቀበለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

በዚህች መኪና ግን ጌጁን ያዞረው ጋሽ ቡሎን የለም። የቀኙ ክብ አናት ላይ፣ ጠቋሚው ልክ ቀጥ ሲል የሚነካው ቦታ፣ መቶ ሃያ ይላል። የመንገዱ ልክ ሰማንያ ነው።

የእህቷ ዝም ማለት ራሱ ሊያስጠነቅቃት በተገባ ነበር፤ እህቷ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። እሷ ግን እንቅልፍ ወስዷታል ብላ ሬድዮኑን ቀነሰችላት። እህት ሆዬ እንቅልፍ አልወሰዳትም። በአንድ እጇ የወንበሩን ጠርዝ፣ በሌላው የበሩን እጀታ ጨምድዳ፣ ዐይኗን ጨፍና ከልጅነቷ ጀምሮ የሠራችውን ኃጢአት በየተራ እየተናዘዘች ነበር።

ትራፊክ ፖሊሱ ከዛፍ ጥላ ወጥቶ እጁን ሲዘረጋ ዘጠኝ ቁጥር መንጃ ፈቃድ ሊያይ መሰላት። ጨዋ ልጅ ነው። በስንት ፍጥነት ሲነዱ እንደነበር ያውቃሉ ወይ ብሎ ጠየቃት። በልኩ ነዋ አለችው፣ አፏን ሞልታ። መሣሪያውን አዙሮ አሳያት፤ መቶ ሃያ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቁጥር ነው። መሣሪያህ ተበላሽቷል አለችው። እሱ ሳይወለድ ጀምሮ መሪ ላይ እንደነበረች፣ ስትሠራ ኖራ አንዲት ቅጣት እንደሌለባት፣ ወጣት ሁሉ በማሽን ከማመን በዐይኑ ቢያምን እንደሚሻለው ነገረችው። ክርክሯን ለማጠናከርም ጌጁን በጣቷ ጠቆመች። ያኔ ነው አናቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበበችው። ጣቷን ቀስ ብላ መለሰች።

ቅጣቱን ተቀብላ ስትነሣ ፖሊሱ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ "ቀስ ይበሉ እንጂ እማማ፤ ቤት ቁጭ ብለው የሚጦሩበት ጊዜ ነው እኮ" አላት። ቅጣቱ አልቆጫትም። ይህ ግን አንጀቷን አቃጠላት፤ የቀረውን መንገድ በሙሉ በልቧ መልስ ስትሰጠው ሄደች።

እህቷ በሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጣ ስልኳን አወጣች። ዘጠኝ ቁጥር ቤቷ ሳትደርስ ልጆቿ ሰምተው፣ ተደዋውለው፣ ለእሑድ ተቀጣጥረው ጨርሰዋል። በእህቷ አነጋገር መኪናዋ መሬት የነካችው ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ነው።

እሑድ ሁሉም ሳሎኗ ውስጥ ተሰበሰቡ። ትልቁ ልጇ የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው የተጨፈለቀ መኪና ፎቶግራፍ ነው፤ ስለዚህ መንገድ ሲባል ለሱ የሚታየው ሌላ ነገር የለም። ለደንበኞቹ የሚያወራበትን የለሰለሰ ድምፅ አውጥቶ ስለ ዕድሜና ስለ አደጋ ረዘም አድርጎ አስረዳ። ሴት ልጇ ፋርማሲስት ናት፤ ነገር ማብረድ ትወዳለች፤ ዐይንሽን እንመርመር አለች። ዘጠኝ ቁጥር ተነሥታ ከመሳቢያ የዐይን ምርመራዋን ወረቀት አምጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። ዐይኗ ደህና ነው። ከዚያ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ጠቋሚዎቹ፣ እግሯ ለምን እንደጨመረ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። እህቷ ከንፈሯን መጠጠች። ልጇ ግን እጁን ዘረጋ።

"እማዬ፣ ቁልፉን ስጪኝ። ለጊዜው ነው።"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም" አለች። "ቅጣቱም የኔ ነው፣ ተቀብያለሁ። ቁልፉም የኔ ነው።"

ሴት ልጇ ሹፌር ብንቀጥርልሽስ አለች፣ ነገሩን ለማለዘብ። ዘጠኝ ቁጥር ልጇን ለረጅም ጊዜ አየቻት። አልተቆጣችም፤ ተቆጥታ ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሌላ ሰው ባሰመረው መንገድ ነዳሁ" አለች። "ደስ የሚል መንገድ አይቼ ታጥፌ አላውቅም። አንድ ቀን እንኳ። አሁን መታጠፍ ስችል ከኋላ ቁጭ ብዬ፣ ወራጅ አለ ልበል?"

"ሰው ብትገጪስ?" አለ ልጇ።

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፤ ደሟን ያፈላውም ይኸው ነው። ዐይኔን አስተምረዋለሁ አለች። ልጆቿ ተያዩ። እናታቸው መጃጀት ጀመረች ብለው ሳይፈሩ አልቀሩም፤ ግን ደፍሮ የተናገረ የለም፤ ቁልፉም የቀሚሷ ኪስ ውስጥ እንዳለ እሑዱ አለቀ።

በማግስቱ ጋሽ ቡሎን ጋ ደወለች። እሱም ጡረታ ወጥቷል፤ የሠፈሩን ሬድዮና የውኃ ፓምፕ እየፈታ ነው የሚውለው። ካቻቢቴዎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ መጣና መኪናዋን ሲያይ በዚህ ቀለም መደበቅ አይቻልም አላት። ለመደበቅ አልገዛኋትም አለችው። ወገቡን ይዞ እያቃሰተ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ፤ በእጁ ዳሰሰ፣ በባትሪ አየ፣ ተሳደበ። ሲወጣ ፊቱ ዳምኗል። ሁለቱም ጌጆች ከመሃሏ መስኮት ጋር አንድ ላይ የታሸጉ ናቸው፤ የሚፈታ ነገር የላቸውም፣ የሚዞርም የላቸውም። ቡሎን የሌለው ነገር ምኑን ዕቃ ሆነ ብሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ዓለም በሙሉ የሰደበችው ይመስል ነበር።

ሰማንያው ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር እንለጥፍ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ይህንን የመሰለ ፊት በፕላስተር አላበላሸውም ብላ አኮረፈች። ፍጥነቱን በቁጥር መሃሏ መስኮት ላይ ማውጣት እንደሚቻልም አገኙ፤ አንድ ቀን ሞከረችው። ቁጥሩ አያርፍም፤ ሰባ አንድ፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ ሁለት እያለ ዐይኗን ከመንገዱ እየጠራ ያስቸግራል። አጠፋችው። የቀረው ዐይኗን ማስተማር ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ፣ ሁለቱ ጡረተኞች በብርቱካንማ መኪና ከከተማ ይወጡ ጀመር። ጋሽ ቡሎን አንድ መመሪያ ብቻ ሰጣት፤ በዚህች መኪና ጠቋሚው ወደ ልብሽ በኩል ካዘነበለ ደህና ነው፣ ቀጥ ካለ ጥፋት ነው። መናገሩ ቀላል ነው። ካቻቢቴውን በግልባጩ ይዞ ከጎኗ ይቀመጣል፤ ጠቋሚው ሰማንያን አለፍ ሲል ዳሽቦርዱን በእጀታው ኳ ያደርጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኳኳታው አላቋርጥ አለ። አእምሮዋ ይሰማል፣ እግሯ ግን አይሰማም፤ ያዘነበለ ጠቋሚ ባየ ቁጥር ሊያቃናው ይነሣል።

አንድ ጠዋት ተማሪዎች መንገድ ዳር ተሰልፈው ሲያልፉ፣ ኳ ከማለቱ በፊት ራሷ አየችው፤ ጠቋሚው ቀጥ ሊል ምንም አልቀረውም። ፍሬን ይዛ ዳር ቆመች። ፈራሁ ቡሎን አለችው፤ እንደዚህ ያለ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እሱም አላጽናናትም። ደግ አደረግሽ፣ መፍራትሽን እግርሽ ይስማ አላት። ያን ቀን ወደ ቤት ልመለስ ወይስ ልቀጥል እያለች መሪው ላይ ብዙ ተቀመጠች። ልጇ ቁልፉን ስጪኝ ብሎ እጁን የዘረጋበት ሁኔታ ፊቷ ድቅን አለ። ቀጠለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ኳኳታው እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ጭራሽ አልሰማ ሲላት ዘወር ብላ አየች፤ ጋሽ ቡሎን ካቻቢቴውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ይህ ሰው የሚሄድ መኪና ውስጥ ተኝቶ አያውቅም፤ የሞተሩን ድምፅ ሲመረምር ነው የሚኖረው። ጠቋሚውን አየችው። ወደ ልቧ በኩል አዘንብሏል፤ እግሯም ያንን ደህና ብሎ ተቀብሎታል። ለመጮህ ፈለገች፤ እንዳይነቃ ብላ ተወችው።

ይህንን ሁሉ ልጇ አያውቅም። የሚያውቀው እናቱ በየጠዋቱ ሰፊው መንገድ ላይ እንደምትታይ ነው፤ ይህንንም የነገረችው ማን እንደሆነች መጥቀስ አያስፈልግም። አንድ ከሰዓት ዘጠኝ ቁጥር ጎረቤት ዘልቃ ሳለች መጣ። ድንገት ቢጠፋብኝ ብላ በገዛ እጇ የሰጠችው መለዋወጫ ቁልፍ አለው። ስትመለስ ዝናብ ጥሎ ነበር፤ ከመስኮቷ ሥር መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀርቷል። ልጇ ደወለ። በኔ ግቢ ነው ያለው፣ ደህና ነው፣ ነገሩ እስኪረጋጋ ነው አላት። ስልኩን ዘጋችበት።

አለቀሰች። ይህንን እኔ እናገራለሁ፤ እሷ ብትጠየቅ ትክዳለችና። ግን የሐዘን አልነበረም። እንደ ሕፃን መጫወቻዋን ተቀምታ፣ እንደ ሕፃንም እስክትረጋጋ የሚጠብቋት መሆኑ ነው ያንገበገባት።

ቅዳሜ በጠራራ ፀሐይ አውቶቡስ ተሳፍራ ልጇ ቤት ሄደች። ቦታ ሊለቅላት የተነሣውን ወጣት ተቀመጥ አለችው። ሠራተኛዋ የግቢውን በር ስትከፍትላት መኪናዋ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ልጇ አመድማ ሸራ ከአናቷ እስከ ጎማዋ አልብሷታል። እንግዲህ የሚወደውን ቀለም አገኘ ማለት ነው። ዘጠኝ ቁጥር ሸራውን በአንድ ጫፍ ይዛ ጎተተችው። ግቢው በብርቱካንማ ቀለም ተሞላ። የውጭውን በር ወለል አድርጋ ከፈተች፣ መኪናው ውስጥ ገባች፣ ሞተሩን አስነሣች። ሁለቱ ጠቋሚዎች ተወርውረው ሰላም አሏት።

ልጇ ምሳ ላይ ነበር። ናፕኪኑን እንደያዘ በነጠላ ጫማ ሮጦ ወጣና ከመኪናዋ ፊት ቆመ። በስድስት ክንድ ርቀት በመስተዋቱ ተያዩ። ክላክስ አላደረገችም። ሞተሩንም አላጠፋችም። ሚስቱ ከበረንዳው ሆና ኧረ በናታችሁ ጎረቤት እያየ ነው አለች፤ የሰማት የለም። በመጨረሻ እሱ ዞሮ መጣ፣ የተሳፋሪውን በር ከፈተ፣ ገብቶ ተቀመጠ።

"አጥፊው" አላት።

"ቀበቶህን እሰር።"

"እማዬ፣ እየቀለድኩ አይደለም።"

"እኔም። ወይ እሰር፣ ወይ ውረድ።"

አሰረ። ወጡ።

ከከተማ ወጡ። ልጇ ጌጁ ላይ እንዳፈጠጠ ነው። ጠቋሚው ከግራ ተነሣ፣ ሰማንያ ሳይደርስ አዘንብሎ እዚያው ቀረ። የጭነት መኪና አለፋቸው፣ ሚኒባስ እየጮኸ አለፋቸው፤ ጠቋሚው አልተነቃነቀም። ቁልቁለት መጣ፤ አሁንም አልተነቃነቀም። ልጇ ብዙ ጊዜ አየው፤ ከዚያ ዐይኑን አንሥቶ መንገዱን ማየት ጀመረ፤ ቁጣው ከፊቱ ሲለቅ ሥሩ ሌላ ነገር ነበር።

"ልጅ ሆኜ" አለ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ "የማታ ተራ ሲደርስሽ መስኮት ላይ ቆሜ ነበር የምጠብቅሽ። እህቴ ትተኛለች። እኔ ኮቴሽን ሳልሰማ ተኝቼ አላውቅም። ዝናብ ከሆነማ..." ናፕኪኑን በእጁ ጨመቀው። "ጡረታ የወጣሽ ቀን ሁላችሁም ስትስቁ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። በቃ፣ ከእንግዲህ አልጠብቅም ብዬ። ከዚያ ይቺን ገዛሽ።"

ዘጠኝ ቁጥር ይህንን አታውቅም ነበር። ማታ ስትገባ ልጆቿ ሁሌም ተኝተው ነው የምታገኛቸው፤ አንዱ ተኝቶ እንዳልነበረ፣ ብርድ ልብሱን የሚስበውም ኮቴዋን ሲሰማ እንደሆነ አስባ አታውቅም። ጠቋሚው ወደ ግራ ይበልጥ ወደቀ። ፍሬቻ አሳይታ ዳር ያዘችና ቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች፤ ቁልፉን ነቅላ በመዳፏ ያዘችው።

ልጇ እጁን ዘረጋ። በዚህ ጊዜ እንደ እሑዱ አይደለም፤ እንደሚለምን ሰው ነው።

ዘጠኝ ቁጥር የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቁልፉ የሌለበትን እጇን ሰጠችው፤ አጥብቃም ያዘችው።

"አላወቅኩም ነበር" አለች። "ይቅርታ አድርግልኝ የኔ ልጅ። እንዲህ መሆንህን ባውቅ አስቀድሜ እጠይቅህ ነበር።"

እሱ አንገቱን ደፋ። እሷም እጁን አልለቀቀችም።

"ቁልፉን ግን አልሰጥህም። አንተ እንዳትፈራ ብዬ ቤት ቁጭ ያልኩ ቀን ቀብረኸኛል ማለት ነው፤ ያኔ የምትጠብቀው ሰው የለህም። ጠብቀኝ። እኔም ቀስ ብዬ እመጣልሃለሁ።"

ልጇ እጁን ቀስ ብሎ ወሰደና ፊቱን በናፕኪኑ ጠረገ። የናፕኪኑ ወጥ ጉንጩ ላይ ቀረ፤ እናቱ እንደ ድሮው በአውራ ጣቷ አበሰችለት፤ እሱም ፊቱን አላሸሸም። ሞተሩን አስነሣች። መንገዱ ከፊታቸው ሁለት ቦታ ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ከተማ ዞሮ የሚመልስ ነው፣ ሌላውን ሁለቱም አያውቁትም።

"ወዴት ነው የምንሄደው?" አላት።

"አላውቅም" አለች። መድረሻዋ በአውቶቡሷ ግንባር ላይ ተጽፎላት ስትነዳ የኖረች ሴት፣ ይህንን ቃል መሪ ጨብጣ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። በስፖኪዮው ኋላዋን አየች፣ ፍሬቻ አሳየች፣ ታጠፈች።